ሳይነበቡ የወጡት ስምንት ካርቶኖች

ባፈና ፊደል የለየው ጢም ካበቀለ፣ ሁለት ልጅ ከወለደ በኋላ ነው። ተወልዶ ያደገው ገረሴ ደጋ ላይ ነበር። የአባቱ መሬት ለአራት ወንድማማች ተሸንሽኖ ለእሱ የደረሰው በሬ እንኳ የማያዞር ሆኖ ስላገኘው፣ በሃያ ዓመቱ ወደ ቆላ ወርዶ አርባ ምንጭ ገባ። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ የሚያገኘው ሁሉ አገኘው። በመጀመሪያው መኸር ወባ ጥሎት፣ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ዝምድና የሌላቸው ሴትዮ በረንዳ ላይ ሰባት ቀን ተኛ። የሴትዮዋ ልጅ አስቴር ውሃ ታቀብለው ነበር። ድኖ ሲነሳ ሥራ ፈለገ፤ ሥራ ሲያገኝ አስቴርን አገባ።

ሥራው መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ከአዲስ አበባ በጅምላ የሚመጣውን መድኃኒት እየተቀበለ በሰሜን ኦሞ ዞን ላሉት ጤና ጣቢያዎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች የሚያከፋፍል የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ነበር። ባፈና የገባው በጫኝና አውራጅነት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከሥራ መልስ ቀበሌ እየሄደ አማርኛ ማንበብ ቻለ። የፈረንጁን ፊደል ያስተማሩት ግን የመጋዘኑ ኃላፊ የነበሩት አቶ ወልደሥላሴ ናቸው፤ ደብተራቸው የተቀደደ ካርቶን፣ እስክሪብቷቸው ለካርቶን ምልክት ማድረጊያ የተገዛው ጥቁር ቀለም ነበር። ባፈና ፊደሎቹን በራሱ ስም ይጠራቸው ነበር። ኪው ለእሱ «ጅራታሟ ክብ» ናት፤ ቢ ደግሞ «ባለ ሁለት ሆዷ»።

እንዲህ አድርጎ አረጋጋጭ ሆነ። መኪና ላይ የሚጫን ካርቶን ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። በግራ እጁ የወጪ ሰነዱን፣ ሞዴል ሃያ ሁለቱን፣ ይይዛል፤ በቀኝ እጁ ሌባ ጣት የካርቶኑን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ የባች ወይም የምርት ዙር ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያውን። ቀርፋፋ ነበር። ሾፌሮች ሞተር አስነስተው ጥሩምባ ሲያስጮኹበት ራሱን ቀና አያደርግም። አንድ ጊዜ ለሕፃናት በሚሆን ሽሮፕ መሐል የአዋቂ ሽሮፕ ካርቶን ተቀላቅሎ መጥቶ፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ስንት የተማረ ሰው አልፎት ባፈና ጣት ላይ ተያዘ። አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የዚህ ሰው ጣት ከእኔ መነጽር ይሻላል» አሉ። ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲሄዱም ለተተኪያቸው የነገሩት ይህንኑ ነው። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1989 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጥናት መጣ። የጥናቱ ርዕስ «የሠራተኛ ምርታማነት» ይላል። አዲሱ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘሚካኤል ሠራተኛውን ሰብስበው አነበቡት። ዘሚካኤል ከደብረ ታቦር የመጡ፣ ገና አርባ ያልሞላቸው ሰው ናቸው። ለጥበቃውም ለጫኙም «እርስዎ» የሚሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው ነበሩ የሚላቸው ያኔም ዛሬም የለም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «በቀን የሚወጣው ካርቶን ለሠራተኛው ቁጥር ይካፈላል። ሌላ ቦታ ያለው ሠራተኛ በቀን ስልሳ ካርቶን ያወጣል። እኛ ዘንድ ሃያ ሁለት ነው። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ የመጨረሻዎቹ ነን። በዚሁ ከቀጠልን ቅርንጫፉ ይዘጋል።»

ከአሥራ አንዱ ሠራተኛ አምስቱ እንዲቀነሱ፣ የቀሩት ስድስቱም ካርቶን እንዲያወጡ ተወሰነ። የአረጋጋጭ ቦታ ታጠፈ።

ባፈና እጁን አወጣ። በስብሰባ ላይ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ታዲያ ማን ያነባል?»

«ሁሉም ያወጣውን ራሱ ያነባል።»

«ዲሪባ አያነብም።»

ሰው ሳቀ፤ ዲሪባ ራሱም ሳቀ። ዲሪባ ሁለት ካርቶን አንድ ላይ ትከሻው ላይ ጥሎ የሚሮጥ፣ ከወለጋ የመጣ ጉልበተኛ ሰው ነው። መድኃኒቱን የሚለየው በካርቶኑ ቀለምና በሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

«አቶ ባፈና፣ እርስዎ በቀን ስንት ካርቶን ያወጣሉ?» አሉ ዘሚካኤል።

«መኪና የሚጭነውን ሁሉ አያለሁ።»

«የሚያዩትን አይደለም፤ የሚያወጡትን ነው የጠየቅሁት።»

ባፈና ያወጣውን እጁን አወረደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባፈናም ካርቶን አውጪ ሆነ።

መጋዘኑ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስድስቱ ስም ፊት ለፊት የዕለቱ ካርቶን ቁጥር በጠመኔ ይጻፋል። ለሦስት ወር የመጨረሻ ሆኖ የተገኘ ይቀነሳል ተባለ። የመጀመሪያው ቀን ዲሪባ መቶ አሥር፣ ባፈና ሠላሳ ሁለት። በሁለተኛው ቀን ባፈና ሠላሳ አምስት። ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ወገቡ በጫኝነቱ ዘመን አንድ ጊዜ ተቀጭቶ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ዐይኑ ይጨልማል። ምሳ መብላት ተወ። በቆሎ ቆርጥሞ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሌሎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ እሱ ይሸከማል። ግን ጉልበት ብቻ አልነበረም የሚያንሰው። እያንዳንዱን ካርቶን ከማንሳቱ በፊት ያነብ ነበር፤ ጊዜውን የሚበላው ያ ነው።

«አንተ ሰውዬ» ይለው ነበር ዲሪባ፣ በአጠገቡ ሲያልፍ ላቡን እየጠረገ። «ካርቶን ጸሎት መጽሐፍ አይደለም። አንሳና ሂድ።»

«ብሳሳትስ?»

«እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

እውነቱን ለመናገር ዲሪባ ተሳስቶ ያውቃል፤ ስህተቱን ድሮ የሚይዘው ባፈና ነበርና ዲሪባ ራሱ አያውቀውም።

አንድ ወር ተኩል የመጨረሻ ሆነ። አስቴር ነገሩን የሰማችው ከባፈና ሳይሆን ከጎረቤት ነው። «እውነት ሊያስወጡህ ነው?» ብላ ስትጠይቀው፣ ሃለኮውን፣ የሽፈራው ቅጠሉን፣ እየጎረሰ «ቁጥሬ ትንሽ ሆኗል» አላት፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጣትም። 

ያን ሰሞን ባፈና ተለወጠ። መጀመሪያ የባች ቁጥሩን ማንበብ ተወ። ቁጥሩ ወደ አርባ ስምንት ከፍ አለ። ከዚያ የማብቂያ ጊዜውን ተወ፤ ስልሳ ገባ። ስሙን ላለመተው ሁለት ሳምንት ያህል ከራሱ ጋር ታገለ። መጨረሻ ላይ ግን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ ማንሳት ጀመረ፤ ቆይቶም ፊደሏንም ተዋትና እንደ ዲሪባ በቀለሙና በቦታው መለየት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ዐይኑን ጨፍኖ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ እያወቀ ነው የገባበት።

በዚያ ዓመት፣ በ1990፣ መኸሩ ዝናብ አላቆም አለ። ጥቅምት ሙሉ፣ ኅዳርም ተጨምሮ ዘነበ። ኩልፎ ወንዝ ሞላ፤ ቆላው ሁሉ ውሃ ቋጠረ። ወባ ቆላ ብቻ መሆኗን ትታ ወደ ወይና ደጋው ወጣች። ወባን ሰውነታቸው ያልለመደ ሰዎች ቤት ሙሉ ወደቁ። ከየክሊኒኩ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ኩዊኒን፣ ኩዊኒን፣ ኩዊኒን። የመጋዘኑ ጣሪያ ደግሞ በአንድ በኩል ያፈስ ጀመር። ረቡዕ ማምሻ፣ ባፈና ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ዲሪባና ሌላ አንድ ሠራተኛ የሚንጠባጠብበት ሥር የነበረውን ክምር ወደ ማዶ አዛወሩት፤ ጣሪያው እንደተደፈነ የማዶውን ወደዚህ አመጡት። ሁለቱ ክምር ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ካርቶናቸው አንድ ልክ፣ በወገባቸው የሚዞረው ሰማያዊ መስመር አንድ ዓይነት። አንዱ ኩዊኒን መርፌ ነው፣ አንዱ የቫይታሚን ቢ መርፌ።

ሐሙስ ቀን በገረሴና በካምባ መካከል ካለ አንድ ክሊኒክ ጥያቄ መጣ። ስምንት ካርቶን ኩዊኒን። ባፈና ሰነዱን ተቀብሎ ሁልጊዜ ኩዊኒን ወደሚቀመጥበት ሄደ፤ ሰማያዊውን መስመር አየ፤ ስምንቱን እየሮጠ አውጥቶ መኪናው ላይ ደረደረ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከስሙ ፊት ለፊት ዘጠና ስድስት ተጻፈ። ዘሚካኤል በአጠገቡ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «አዩ፣ ይቻላል ማለት ነው» አሉት። ባፈና ደስ አለው። በኋላ ከሁሉ የበለጠ ያንገበገበው ይህ ነው፤ ያን ቀን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ መሄዱ።

መኪናው ዓርብ ወጥቶ፣ በድፍን ጭቃ እየተጎተተ ቅዳሜ ክሊኒኩ ደረሰ። ከዚያ እንደተመለሰ ኩዊኒን የሌለበት ሌላ ጭነት ይዞ ወደ ሳውላ ሄደ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባፈና ለአንድ መድኃኒት ቤት የቫይታሚን ቢ መርፌ እንዲያወጣ ታዘዘ። ወደ ክምሩ ሄዶ አንዱን ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ያዘውና መሬት ላይ አስቀመጠው። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ጽሑፉ ወደ ላይ ነበር። ጣቱ ያለ ፈቃዱ ሄዶ የመጀመሪያው ፊደል ላይ አረፈ።

ጅራታሟ ክብ።

ሌላውን አየ። ሌላውንም አየ። ሁሉም ጅራታሞች ናቸው። ወደ ማዶው ክምር እየተደናቀፈ ሄደ፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ባለ ሁለት ሆድ። ሐሙስ ስምንት ካርቶን የወጣበት ጎዶሎ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባፈና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዲሪባ መጥቶ «ምን ሆንህ?» ሲለው ካርቶኑን በጣቱ አሳየው።  ዲሪባ ፊደሉን አያውቅም፤ የባፈናን ፊት ግን አነበበ።

ዘሚካኤል ነገሩን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። ስልክ አነሱ፤ ወደ ገረሴ የሚሄደው መስመር ከእሑድ ጀምሮ ተቋርጧል። መኪናው ዓርብ ነው የሚመለሰው።

«ቅዳሜ እንልካለን» አሉ።

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለ ባፈና። «እዚያ ያለው ሰው በወባ እየተቃጠለ ነው። ቫይታሚን ነው የላክንላቸው።»

«ገብቶኛል፣ አቶ ባፈና። መኪና ከየት ላምጣ? መንገዱስ ከገረሴ ወዲያ ተቆርጧል ይሉ የለ?»

«ፈርሙልኝ። እኔ ልውሰድ።»

«በምን?»

«በጀርባዬ።»

 ከመጋዘን ያለ ፊርማ መድኃኒት ይዞ መውጣት ሌብነት ነው፤ ፈርመው ከሰጡ ደግሞ ስህተቱ በወረቀት ይመዘገባል። እስክሪብቷቸውን አንስተው ለሁለት ካርቶን ፈረሙ። ሰነዱን ሲሰጡት ዐይኑን አላዩትም።

«አልከለከልሁዎትም» አሉ። «አልላክሁዎትምም።»

ረቡዕ ማለዳ ባፈና ሁለቱን ካርቶን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ጨውና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ለአስቴር የነገራት «ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብቻ ነው። የሲሌን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው የመኪናውን በር መታው። ዳገቱ ላይ ጎማው እየተሽከረከረ ሁለት ጊዜ ወረዱና ገፉ። ገረሴ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በአንድ ቦታ ተንዶ ገደል ሆኗል።

ታላቅ ወንድሙ ካሳ ቤት አደረ። ካሳ ሸክሙን አይቶ፣ «ነገ ገና ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ገበያተኛ በቅሎ ይዞ ይወርዳል፣ አብረህ ሂድ» አለው። ባፈና ራሱን ነቀነቀ። ጎህ ሲቀድ ካርቶኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ ጀርባው ላይ አሰረ።

የዚያን ቀን መንገድ ባፈና ለማንም በዝርዝር አልተናገረም። አስቴር በኋላ ከተቆራረጠው ወሬው እንደገጣጠመችው፣ ጭጋግ ነበር፤ መንገዱ ሸክላ ጭቃ ስለሆነ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። አንዲት ጅረት ሲሻገር ድንጋዩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። ከጀርባው የብርጭቆ ድምፅ ሰማ። እዚያው ዝናብ ላይ ተቀምጦ ላስቲኩን ፈትቶ፣ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። ሠላሳ አንድ ብልቃጥ ተሰብሯል። ፈሳሹ በጣቶቹ መካከል ሲወርድ፣ ስንት ሰው ይሆን ይህ እያለ አሰበ። መልሶ አሰረና ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ወገቡን ላለማሰብ የሚያልፋቸውን ዛፎች ማንበብ ጀመረ፤ ዋንዛ፣ ቀርከሃ፣ ኮሶ፣ እንሰት።

ክሊኒኩ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ናት። ክፍሎቹ ሞልተው ሰው ግቢው ውስጥ፣ ቅጠል ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ በደጀ ሰላም እንደሚያድር ሕዝብ ተኝቷል። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ዐይኑን ገልጦ ምንም አያይም። ካሱ የሚባል ነርስ ነበር፤ ወጣት፣ ጢሙን የተላጨበት ቀን የተረሳ። የባፈናን ሸክም ሲያይ መጥቶ ራሱ ፈታው። ጽሑፉን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ከየት ነህ?»

«ከአርባ ምንጭ። ከመጋዘኑ።»

«ቅዳሜ የመጣውን ስከፍት አእምሮዬን የሳትሁ መስሎኝ ነበር» አለ ካሱ። «ካምባ ሰው ልኬ አርባ ብልቃጥ አበደሩኝ። ሰኞ ጠዋት አለቀ።» ከዚያ ድምፁ ሳይለወጥ፣ «ከቅዳሜ ወዲህ አሥራ አንድ። ሰባቱ ሕፃናት ናቸው» አለ።

ባፈና ከጀርባው የተፈታውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«እናንተ ዘንድ ሰው አያነብም እንዴ? ማነው የሚያረጋግጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባፈና። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። አላነበብሁም።»

ካሱ አየው። ጭቃ የለበሰ እግሩን፣ ገመድ የላጠውን ትከሻውን አየ።  «ና» አለው በመጨረሻ። «ግሉኮሱን ያዝልኝ።»

ባፈና ሦስት ቀን እዚያ ቆየ። ግሉኮስ ይይዛል፣ ውሃ ያፈላል፣ የማይችሉትን ያነሳል። ካሱ ብልቃጥ ሊሰብር ባነሳ ቁጥር ባፈና እጁን ይይዘውና ጽሑፉን ያነባል፤ ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል። ካሱ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቀው ጀመር። መርፌው ከገባላቸው ብዙዎቹ በሁለተኛው ቀን ቀና አሉ። ሦስት ግን አለፉ፤ ዘግይቶባቸው ነበር።

ዓርብ ዕለት አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ እየባረኩት መጡ። ከአርባ ምንጭ ድረስ መድኃኒት በጀርባው ተሸክሞ መጣ የተባለውን ሰው ፈልገው ነበር። የልጃቸው ሚስት በሕይወት ተርፋለች፤ ልጃቸው ራሱ ሰኞ ሞቷል። በቅል ውሃ ይዘው መጥተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና እግሩን ያጥቡት ጀመር። ባፈና ሊከለክላቸው ሞከረ፤ እምቢ አሉ። ያኔ በእናቱ ቋንቋ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው። ቅዳሜ መድረስ የነበረበት መድኃኒት ይኸው እንደነበረ፣ በእሱ እጅ እንደተሳሳተ፣ ለምን ማንበብ እንደተወ። ስለ ሰሌዳው ሲነግራቸው ለራሱም የማይረባ ነገር መሰለው።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ውሃው ሲያልቅ ቅሉን አንስተው ሄዱ። ባፈና እግሩ እስኪደርቅ ከድንጋዩ ላይ አልተነሳም።

ማክሰኞ መጋዘን ሲመለስ ሰሌዳው ላይ ከስሙ ፊት ለፊት ስድስት ዜሮ ተደርድሮ አገኘ። ደብዳቤው በዚያው ሳምንት መጣ። በሥራ ገበታው ላይ ባለመገኘትና በጥንቃቄ ጉድለት ድርጅቱን ለጉዳት በመዳረግ ይላል። ባፈና ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና ወደ ዘሚካኤል ቢሮ ገባ። ሥራዬን መልሱልኝ አላለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እቀበላለሁ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ። የሚያነብ ሰው መልሱ። እኔ ባልሆን ሌላ ሰው። ዛሬም ነገም ይህ ነገር ይመጣል።»

ዘሚካኤል ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር። «ጽፌ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰባተኛ ሠራተኛ ይፈቀድልኝ ብዬ። የመለሱልኝ፣ ማንበብ ካርቶን አያወጣም የሚል ነው። ምን ላድርግ፣ አቶ ባፈና? እኔም ቁጥር አለብኝ።»

ባፈና ተነስቶ ወጣ። በር ላይ ዲሪባ ቆሞ ነበር፤ እጁን ጨበጠውና አለቀቀውም። «ክምሩን ያዛወርሁት እኔ ነኝ» አለ። ባፈና «አንተ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ግን እችል ነበር» አለና እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

በዓመቱ መጨረሻ ቅርንጫፉ በምርታማነት ከሁሉ ሁለተኛ ወጣ ተባለ። ዘሚካኤል ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ በሹመት ነው የሚሉም ነበሩ፣ ራሳቸው ለምነው ነው የሚሉም ነበሩ።

ባፈና ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ አሣ ከጀልባ ወደ መኪና ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ሥራ ገባ። አሣ ስም የለውም፣ የማብቂያ ጊዜ የለውም፤ ሸትቶ ያስታውቃል።  ከካምባ በኩል የመጣ ሰው ካየ ወደ ሌላ ጀልባ ይሄዳል።

ግንቦት ላይ አስቴር ታመመች። ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ቤት ሄዶ የታዘዘላትን ገዛ። ቤት ሲመለስ አስቴር ግድግዳ ተደግፋ ትጠብቀው ነበር። ውሃ ቀዳ። ኪኒኑን ከመስጠቱ በፊት የሐኪሙን ወረቀትና የኪኒኑን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ጣቱን ሰደደ። አነበበ። ትክክል ነው። ደግሞ አነበበ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ፊደሎቹ ተምታቱበት።

«ስጠኝ እንጂ» አለችው አስቴር፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ቆይ ትንሽ።»

ወጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የተከራየችውን ኖላዊትን ጠራ። ከሐረር የመጣች የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ናት። ሁለቱን ወረቀት ሰጣት። እሷ በአንድ እይታ አየችውና፣ «አንድ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

«ፊደል በፊደል።»

ልጅቷ ግራ እንደተጋባች ከመጀመሪያው ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችለት። ባፈና ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠ። ስትጨርስ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለና ወደ ውስጥ ገባ።

አስቴር በሁለት ሳምንት ዳነች። ባፈና ግን ከዚያ ወዲህ ሰው መድኃኒት ይዞ «ጋሽ ባፈና፣ አንተ የምታውቀው ነገር ነውና እስቲ እየው» ብሎ ሲመጣበት፣ ዐይኔ ደክሟል ይላል። ዐይኑ አልደከመም ነበር። ከጀልባው ላይ ሆኖ የጫሞን ማዶ ዳር ዛፎች፣ አንድ በአንድ፣ እየለየ ያያል።